የጠበቃው የጆን አዳምስ ቤተ ሰብ፤ ወይም እውነተኛው ርስት

አባት ለልጁ የሚተወው ርስት ብዙ ዐይነት ነው። አንዱ መሬት ይተዋል፤ ሁለተኛው ከብት ይተዋል፤ ሦስተኛው ገንዘብ ይተዋል። ነገር ግን መሬት በክርክር ይወሰዳል፤ ከብት በበሽታ ያልቃል፤ ገንዘብም ሳይታወቅ ከእጅ ይወጣል። ትምህርትና ቅን ልማድ የወረሰ ልጅ ግን ርስቱን ማንም አይቀማውም። ሆኖም ይህ ርስት አንድ ጠባይ አለው፤ እያንዳንዱ ልጅ በገዛ ፈቃዱ ካልተቀበለው የእርሱ አይሆንም። ይህን ነገር በአሜሪካ አገር የኖረው የጠበቃው የጆን አዳምስ ቤተ ሰብ ታሪክ ያስረዳናል። በዚህ ትምህርት የሚገኙት ዓመታት ሁሉ እንደ ኤውሮጳውያን አቈጣጠር ናቸው።

፩። ከባሕር ማዶ የመጣው አባት

በ1638 ዓ.ም. ገደማ ሄንሪ አዳምስ የሚባል አንድ እንግሊዛዊ ገበሬ ከሚስቱና ከልጆቹ ጋራ በመርከብ ተሳፍሮ የአትላንቲክን ባሕር ተሻገረ። በዚያ ዘመን ብዙ እንግሊዞች ስለ ሃይማኖታቸው ከአገራቸው እየወጡ በአሜሪካ ምሥራቅ ዳርቻ፥ ማሳቹሴትስ በሚባለው አገር ይሰፍሩ ነበር። ሄንሪም ከቦስቶን ከተማ በስተ ደቡብ በምትገኘው በብሬይንትሪ መንደር 40 ኤከር የሚሆን መሬት ተሰጠው። ምድሩን እያረሰ፥ ብቅልም እያበቀለ ኖረ፤ በ1646 ዓ.ም. ሞተ።

የትውልዱም ተራ እንዲህ ነው። ሄንሪ ጆሴፍን ወለደ፤ ጆሴፍም በስሙ ጆሴፍ የተባለውን ልጅ ወለደ፤ ሁለተኛው ጆሴፍ ዲያቆን ጆንን ወለደ፤ ዲያቆን ጆንም ጠበቃውን ጆንን ወለደ። እነዚህ ሁሉ በዚያችው መንደር ኖሩ።

ጠበቃው ጆን አዳምስ ከሸመገለ በኋላ ለቅድመ አያቱ አባት ለሄንሪ የድንጋይ ሐውልት አቆመለት። በድንጋዩም ላይ ሄንሪ ዴቮንሺር ከሚባል የእንግሊዝ አውራጃ እንደ መጣ አስጻፈ። ከእርሱ በኋላ የድሮ መዝገብ የመረመሩ ሰዎች ግን ሄንሪ የመጣው ሶመርሴት ከሚባለው ከሌላው አውራጃ መሆኑን አገኙ። እንግዲህ ብዙ መጻሕፍት ያነበበ ሰው እንኳ በገዛ አባቶቹ አገር ስም ተሳሳተ። በቃል ብቻ የተያዘ ነገር እንዲህ ይለዋወጣል። ስለዚህ ሽማግሎች በሕይወት ሳሉ የአባቶችን ታሪክ ጠይቆ መጻፍ መልካም ነው።

፪። ጫማ ሰፊው ዲያቆን

የጠበቃው አባት ዲያቆን ጆን በ1691 ዓ.ም. ተወለደ። በበጋ ያርስ ነበር፤ ምድር በበረዶ በምትሸፈንበት በብርድ ወራት ደግሞ በቤቱ ተቀምጦ ጫማ ይሰፋ ነበር። በእነርሱ ቤተ ክርስቲያን ዲያቆን የሚባለው በምእመናን የተመረጠ፥ የቤተ ክርስቲያኑን ገንዘብና ድኾችን የሚጠብቅ ሽማግሌ ነው። የመንደሩ ሰዎችም ብዙ ጊዜ የአገር ሽማግሌ አድርገው መረጡት፤ በመንደሩም ጦር የመቶ አለቃ ሆነ። ወስፌና ቆዳ የሚይዝ እጅ የሕዝብን ነገር ለመያዝ አላሳፈረውም። የእጅ ሥራን የሚንቅ ሰው ይህን ያስተውል፤ ሰውን የሚያዋርደው ሥራው ሳይሆን ስንፍናው ነው።

ሚስቱ ሱዛና ቦይልስተን ትባል ነበር። አጎቷ ዛብዲኤል ቦይልስተን ሐኪም ነበረ። በ1721 ዓ.ም. በቦስቶን ፈንጣጣ ገብቶ ብዙ ሰው በሞተ ጊዜ ይህ ሐኪም አስቀድሞ የገዛ ልጁን ከተበ፤ ኋላም 240 ያህል ሰዎች ከተበ። ከእነርሱም የሞቱት 6 ብቻ ነበሩ። ይህን ጥበብ አስቀድሞ ለቦስቶን ሰዎች ያስታወቀው ኦኔሲሞስ የሚባል ከአፍሪካ የተወሰደ ባሪያ ነበረ። ሕዝቡ ግን አዲሱን ነገር ስላላወቀው ሐኪሙን ጠላው፤ ሊገድለውም ዛተ። እርሱም ታግሦ ሥራውን ፈጸመ። ስለዚህ ሕዝብ ቢቈጣም እውነት ያሉትን አለመተው በእናቱም ወገን የነበረ ነገር ነው።

፫። ከረግረጉ ወደ ትምህርት ቤት

ጆን በጥቅምት 30 ቀን 1735 ዓ.ም. ተወለደ። ዲያቆን ጆን የበኵር ልጁ ተምሮ የወንጌል ሰባኪ እንዲሆን ይመኝ ነበር። ልጁ ግን ከመጽሐፍ ይልቅ አደንን ወደደ። ከትምህርት ቤት እየቀረ በዱር ይውል ነበር። አባቱ ምን ለመሆን እንደሚፈልግ በጠየቀው ጊዜ ገበሬ ለመሆን እንደሚፈልግ መለሰ።

አባቱ አልተቈጣም፤ አልገረፈውምም። በማግሥቱ ማለዳ ይዞት ወደ ረግረግ ወረደ። ለቤት መክደኛ የሚሆን ሣር ሲያጭዱ፥ ሲያስሩና ሲሸከሙ እስኪመሽ ዋሉ። ጭቃው ከጕልበት በላይ ነበር። ማታ ወደ ቤት ሲመለሱ አባቱ ሥራው ተስማምቶት እንደ ሆነ ጠየቀው። ልጁም ደክሞት ሳለ በእልህ እጅግ ተስማምቶኛል አለ። አባቱ ግን እርሱን እንዳልተስማማው ነግሮ ወደ ትምህርት ቤት መለሰው።

ሆኖም ልጁ አሁንም በትምህርት አልበረታም። ኋላ ግን ምክንያቱን ለአባቱ ገለጠለት፤ መምህሩ ስለ ተማሪዎቹ እንደማያስብና ሌላ መምህር ቢያገኝ ተግቶ እንደሚማር ነገረው። ዲያቆን ጆንም የልጁን ቃል አልናቀም። ፈጥኖ ወደ ሌላ መምህር ወሰደው። ከዚያ ወዲህ ልጁ ጠመንጃውን ትቶ መጽሐፉን ያዘ፤ በ1751 ዓ.ም. ሐርቫርድ ወደሚባለው ኮሌጅ ገባ። መሬቱን እንደ ዐይኑ ብሌን የሚጠብቀው አባትም ለልጁ መማሪያ ከመሬቱ ከፍሎ ሸጠ።

፬። የመጀመሪያው ሙግት

ጆን በ1755 ዓ.ም. ትምህርቱን ጨርሶ በዉስተር ከተማ የልጆች መምህር ሆነ። በዚያም ልቡ ወደ ሕግ ትምህርት አዘነበለ። ቀን ልጆችን ሲያስተምር ውሎ ማታ በአንድ ጠበቃ ቤት የሕግ መጻሕፍት ያነብ ነበር። እንዲህ ሁለት ዓመት ከደከመ በኋላ በ1758 ዓ.ም. መሐላ ምሎ ጠበቃ ሆነ። በቦስቶን የነበረ አንድ ታላቅ የሕግ ሊቅም ከትርፉ ይልቅ ሕጉን እንዲከተል መከረው።

የመጀመሪያው ሙግቱ በመንደሩ የሆነ ትንሽ ነገር ነበረ። የአንድ ሰው ፈረሶች አጥር ጥሰው የጎረቤቱን ማሳ አጠፉ። ባለ ማሳው ፈረሶቹን ያዘ፤ ባለ ፈረሱም ካሣ ሳይከፍል ወሰዳቸው። ባለ ማሳውም ወደ ወጣቱ ጠበቃ መጣ። ጆን የክሱን ጽሑፍ ጻፈ፤ ነገር ግን በጽሑፉ ሊገባ የሚገባውን ቃል ዘነጋ። በዚያች ጕድለት ምክንያት ሙግቱን ተረታ። መንደሩ ሁሉ ስላወቀበት እጅግ አፈረ። ነገር ግን እፍረቱ ሥራውን አላስተወውም፤ ከዚያ ወዲህ ይልቁን አጥብቆ ተማረ። መሳሳትን የሚፈራ ሰው ምንም አይሠራም፤ ከስሕተቱ የማይማር ሰው ግን ሁልጊዜ ያንኑ ይሠራል።

በ1761 ዓ.ም. ዲያቆን ጆን ሞተ። በኑዛዜውም ለበኵር ልጁ ለጆን ከወንድሞቹ ያነሰ ድርሻ ሰጠው፤ ጆን አስቀድሞ ትምህርት ስለ ተሰጠው ነው። ጆንም ይህን አልተቃወመም። በአባቱ ዘንድ ትምህርት እንደ መሬት የሚቈጠር ርስት መሆኑን ያውቅ ነበርና።

፭። አቢጌል

በ1764 ዓ.ም. ጆን የአንድ ሰባኪ ልጅ አቢጌል ስሚዝን አገባ። አቢጌል በልጅነቷ ትታመም ስለ ነበረ ወደ ትምህርት ቤት አልተላከችም፤ ነገር ግን በአባቷ ቤት ያሉትን መጻሕፍት እያነበበች ራሷን አስተማረች። የጻፈቻቸው ብዙ ደብዳቤዎች እስከ ዛሬ ይነበባሉ።

የአንድን ቤት ታሪክ የሚናገር ሰው መልካሙን ብቻ መርጦ ሊናገር አይገባውም። የአቢጌል አባት ወንጌልን እየሰበከ ባሪያዎች ነበሩት። ጆንና አቢጌል ግን በቤታቸው ባሪያ አልገዙም፤ ባርነትም ክፉ እንደ ሆነ ይናገሩ ነበር። ከአባቶች የምንቀበለው ነገር እንዳለ ሁሉ የምንተወውም አለ።

፮። የተጠሉት ወታደሮች

በዚያ ጊዜ አሜሪካ በእንግሊዝ ንጉሥ እጅ ነበረች። የቦስቶን ሰዎችም በከተማቸው የሰፈሩትን የንጉሡን ወታደሮች ይጠሏቸው ነበር። በመጋቢት 5 ቀን 1770 ዓ.ም. ማታ ሕዝቡ ጥቂት ወታደሮችን ከበበ። በበረዶና በዱላ መታቸው፤ ወታደሮቹም ተኰሱ። 5 ሰዎች ሞቱ። ከተማይቱ ታወከች፤ ሕዝቡም የወታደሮቹንና የሻምበላቸውን ደም ፈለገ።

ለእነዚህ ሰዎች የሚከራከር ጠበቃ ማግኘት ጭንቅ ሆነ። በማግሥቱ አንድ ሰው ወደ ጆን አዳምስ መጥቶ ለመነው። ጆን የሕዝቡ ወገን ነበረ እንጂ የንጉሡ ወገን አልነበረም። ዘመዱ ሳሙኤል አዳምስ፥ አያቶቻቸው ወንድማማቾች የሆኑት፥ ወታደሮቹ ከከተማ ይውጡ ብለው ከሚጮኹት ሰዎች ዋናው ነበረ። በቤቱም ኀዘን ነበረ፤ ከአንድ ወር በፊት ትንሽ ሴት ልጁን ቀብሯል። አቢጌልም እርጉዝ ነበረች። ጆን ይህን ሁሉ እያወቀ የተከሰሰ ሰው ያለ ጠበቃ ሊፈረድበት አይገባም ብሎ ነገሩን ተቀበለ።

ወዲያው ሰዎች በመንገድ ሰደቡት፤ ከባለ ጉዳዮቹም እኩሌታ የሚበልጡት እንደ ተዉት ኋላ ራሱ ጽፏል። በዚያው ዓመት ከጥቅምት ወር ጀምሮ ሙግቱ በችሎት ተሰማ። ጆን ምስክሮችን አንድ በአንድ ጠየቀ፤ ያች ማታ እንዴት እንደ ነበረች ገልጦ አስረዳ። ከሕዝብ ተመርጠው በመሐላ የሚፈርዱት ሰዎች ሻምበሉን ነጻ አወጡት። ከ8ቱ ወታደሮችም 6ቱን ነጻ አወጡ፤ 2ቱ ግን ሳያስቡ ሰው በመግደል ጥፋተኞች ሆነው አውራ ጣታቸው በጋለ ብረት ተተኰሰና ተለቀቁ።

ሳሙኤል ፍርዱን በጋዜጣ ነቀፈ፤ ሆኖም ሁለቱ ዘመዳሞች ስለዚህ አልተጣሉም። ጆንም ኋላ ስለ ሥራው ሲያስብ ለአገሩ ካደረገው መልካም ነገር አንዱ ይህ እንደ ሆነ ይቈጥር ነበር።

፯። ሁለት ወንድሞች

በ1774 ዓ.ም. ጆን ስለ አገሩ ጉዳይ ለመምከር ወደ ፊላዴልፊያ ተላከ። ከዚያ ወዲህ ለብዙ ዓመታት ከቤቱ ተለይቶ ኖረ። በ1776 ዓ.ም. የነጻነቱን አዋጅ እንዲያዘጋጁ ከተመረጡት 5 ሰዎች አንዱ ነበረ። ኋላም በፈረንሳይ፥ በሆላንድና በእንግሊዝ አገር መልእክተኛ ሆነ። አቢጌል እርሻውን እያሳረሰች፥ ዕዳ እየከፈለች፥ ልጆቹን አሳደገች። በ1775 ዓ.ም. የ7 ዓመት ልጇን ጆን ኲንሲን እጁን ይዛ ወደ ኮረብታ ወጣች፤ ከሩቅ ሆነውም የቡንከር ሂልን ጦርነትና የከተማውን ቃጠሎ አዩ። ልጁ ያን ቀን እስኪሞት አልረሳውም።

ጆን ኲንሲ ገና በ10 ዓመቱ ከአባቱ ጋራ ወደ ፈረንሳይ ሄደ፤ በ14 ዓመቱም የፈረንሳይኛ አስተርጓሚ ሆኖ እስከ ሩስያ ደረሰ። ታናሽ ወንድሙ ቻርልስም በ9 ዓመቱ ወደ ኤውሮጳ ተወሰደ፤ ነገር ግን ናፍቆት ስላስቸገረው ወደ እናቱ ተመለሰ።

ሁለቱ ከአንድ አባትና ከአንዲት እናት ተወለዱ። ሁለቱም በሐርቫርድ ተማሩ፤ ሁለቱም ጠበቆች ሆኑ። ጆን ኲንሲ ማለዳ ተነሥቶ ማንበብን፥ የዕለቱን ሥራ በየቀኑ መጻፍን ልማድ አደረገ። ቻርልስ ደግሞ ደግና ተወዳጅ ልጅ ነበረ፤ መጠጥ ግን አሸነፈው። ወንድሙ በአደራ የሰጠውን ገንዘብ አጠፋ፤ ሚስቱንና ሁለት ሴቶች ልጆቹን ችላ አለ። አባቱም በመረረ ቍጣ ልጄ አይደለም እስኪል ደረሰ። ቻርልስ በ1800 ዓ.ም. በኒው ዮርክ ሞተ፤ ዕድሜው 30 ዓመት ነበረ። በዚያ ጊዜ አባቱ የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ነበረ፤ ነገር ግን የአባቱ ማዕርግ ልጁን አላዳነውም። አባት ለአገሩ ሲደክም በቤቱ የጐደለውንም ነገር ማዕርግ አልመላለትም። አቢጌል የቻርልስን ልጅ ሱዛናን ወስዳ በቤቷ አሳደገች። አዘኑ፤ ነገር ግን የሟቹን ልጅ አልጣሉም።

፰። ሽማግሌው በችሎት

ጆን ኲንሲ አዳምስ በ1825 ዓ.ም. እንደ አባቱ ፕሬዚዳንት ሆነ። አባቱም ይህን አይቶ በሐምሌ 4 ቀን 1826 ዓ.ም. በ90 ዓመቱ ሞተ፤ ቀኑም የነጻነቱ አዋጅ 50ኛ ዓመት የሚከበርበት ነበረ። ጆን ኲንሲ ከፕሬዚዳንትነቱ ከወረደ በኋላ አላረፈም። ከ1831 ዓ.ም. ጀምሮ በሕዝብ እንደራሴዎች ምክር ቤት ተቀምጦ ባርነትን ተቃወመ።

በ1839 ዓ.ም. ከምዕራብ አፍሪካ በግፍ ተሰርቀው በኩባ የተሸጡ 53 ሰዎች አሚስታድ በሚባል መርከብ ሲወሰዱ ሰንሰለታቸውን ፈትተው ተነሡ፤ መርከቢቱንም ያዙ። ወደ አገራቸው ለመመለስ ቢፈልጉም መርከቢቱ ወደ አሜሪካ ዳርቻ ደረሰች። በዚያም ተይዘው ታሰሩ። የአሜሪካ መንግሥት ለእስፓንያ ሊያስረክባቸው ፈለገ። ነገሩም ወደ ከፍተኛው ፍርድ ቤት ደረሰ።

ወዳጆቻቸው ወደ ጆን ኲንሲ መጡ። እርሱ የ73 ዓመት ሽማግሌ ነበረ፤ በዚያ ፍርድ ቤት ከቆመ ከ30 ዓመት በላይ ሆኖት ነበር። ዐይኑ ደክሟል፤ እጁም ይንቀጠቀጣል። ሆኖም በ1841 ዓ.ም. በዳኞቹ ፊት ቆሞ በሁለት ቀን ከ8 ሰዓት በላይ ተናገረ። በፍርድ ቤቱ የነጻነቱ አዋጅ ተሰቅሎ ነበር። አባቱ ካዘጋጁት ሰዎች አንዱ የነበረበትን ያን ጽሑፍ በእጁ እያሳየ፥ የእነዚህ ሰዎች ነጻነት በዚያ መጻፉን አስረዳ። መጋቢት 9 ቀን ዳኞቹ ሰዎቹ ነጻ ናቸው ብለው ፈረዱ። በሕይወት የቀሩትም ከሚሲዮን መምህራን ጋራ በመርከብ ተሳፍረው ወደ አፍሪካ ተመለሱ።

ጆን ኲንሲ እስከ መጨረሻው ከሥራው አልተለየም። በየካቲት 1848 ዓ.ም. በምክር ቤቱ በወንበሩ ሳለ ወደቀ፤ ከሁለት ቀንም በኋላ ሞተ።

፱። ምክር

ልጆች ሆይ፥ በዚህ ታሪክ ርስቱ የቱ እንደ ሆነ አስተውሉ። ሄንሪ 40 ኤከር መሬት ተቀበለ። ዲያቆን ጆን ከመሬቱ ከፍሎ ሸጠና ልጁን አስተማረ። ልጁ በተማረው ሕግ ሕዝብ የጠላቸውን ወታደሮች ጠበቀ። የልጁ ልጅም በዚያው ሕግ ወገን ለሌላቸው እስረኞች ቆመ። አባቱ ወገኖቹን እንዳላፈረ ልጁም መንግሥቱን አላፈረም። ቻርልስም ያው ስም፥ ያው ትምህርት፥ ያው ቤት ነበረው፤ ነገር ግን ርስቱን አልያዘም።

የአባት ስም እንደ ዘር ነው፤ የዘራው ሰው ብቻ ያጭደዋል። አባቱ ጫማ ሰፊ የሆነ ልጅ አይፈር፤ አባቱ ሹም የሆነ ልጅም አይመካ። እያንዳንዱ ራሱ የሚሠራውን ይመልከት።

ጥያቄ

1. ዲያቆን ጆን ልጁን ወደ ረግረግ የወሰደው ስለ ምን ነው?
2. ጆን በኑዛዜው ያነሰ ድርሻ ሲሰጠው ለምን አልተቃወመም?
3. አባትና ልጅ በችሎት ያደረጉት ሥራ በምን ይመሳሰላል?
4. ቻርልስና ጆን ኲንሲን የለያያቸው ምንድን ነው?
5. የአያቶቻችሁን ስምና የኖሩበትን አገር ከቤታችሁ ሽማግሎች ጠይቃችሁ ጻፉ።